ሶንግክራን፦ ከባንኮክ እስከ ቺያንግ ማይ በውሃው ሰሞን

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ፦ ባንኮክ

አውሮፕላኑ ከቦሌ የተነሳው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስናርፍ ቀትር አልፏል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። ፕራቱናም ከሚባለው የባንኮክ የልብስ ሰፈር ዕቃ ማመላለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ለታይላንዶች አዲስ ዓመት፣ ለሶንግክራን፣ እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ ልጄ። እኔ ግን ዕቃዬን አንስቼ ቶሎ መመለሴ ነው። ቅዳሜ ከገባ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ሠራተኛው አገሩ ይገባል» አሉኝ።

«እርስዎ በዓሉን አይተውት ያውቃሉ፣ እትዬ?»

«እንዴታ! አንድ ዓመት ቲኬት አጥቼ እዚያው ዋልኩ። ከሆቴሉ በር ስወጣ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ እጄ ላይ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ከዚያ እጅ ነስታኝ ሄደች። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በይ አንቺ ፓስፖርትሽን በላስቲክ ጠቅልይው።»

ለመሄድ ላሰበ ሰው ይጠቅማልና ስለ መግቢያው ጥቂት ልበል። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአጭር ጊዜ ቪዛ እዚያው አየር ማረፊያው ላይ ማግኘት ይችል ነበር። እኔ 2,000 ባት፣ በታይላንድ ብር ማለት ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። ጉርድ ፎቶ፣ የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ አድራሻም ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

በእኛ 2016 ነው። ቲኬቴ ላይ 2024 ይላል። እዚህ ደግሞ 2567 ገብቷል። ታይላንዶች ዓመት የሚቆጥሩት ከቡድሃ ዕረፍት ጀምሮ ነው፤ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። የሶንግክራን ቀን የተወሰደው ፀሐይ ከሑት ወጥታ ሐመል ውስጥ ከምትገባበት ወቅት ነው። ዛሬ በቋሚነት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13፣ 14 እና 15 ይከበራል። መንግሥት የዓመቱን መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1941 ወደ ጃንዩወሪ 1 አዛውሮታል። ቢሮው ጃንዩወሪን ይቁጠር እንጂ ሰዉ በልቡ አዲስ ዓመት የሚለው አሁንም ይህንን የሚያዝያውን ነው።

ከአየር ማረፊያው በከተማ ባቡር 45 ባት ከፍዬ ፓያ ታይ ደረስኩ። ከዚያ ካው ሳን ወደተባለው መንገድ ሄድኩ። የጀርባ ቦርሳ ተሸክሞ የሚዞር ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሰፈር ነው። የጋራ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ በ350 ባት ያዝኩ። በዓሉ ገና ሦስት ቀን ቢቀረውም መንገዱ በፕላስቲክ የውሃ ጠመንጃ ተሞልቷል። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ በጀርባ የሚታዘል የውሃ ጋን ያለው ሁሉ አለ። እኔ የገዛሁት አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ውሃ የማያስገባ የስልክ መያዣ ብቻ ነው።

ሁዳዴ ላይ ነን። ፆም ይዤ ታይላንድ እንደምሄድ የሰማ ሁሉ «ምን ልትበዪ ነው?» ብሎኛል። መልሱ «ጄ» ነው። ከቻይና የመጣ የቡድሂስቶች ፆም አለ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ አይነካም። እንዲያውም ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም ይከለከላል። ጄ የሚሸጥበት ቤት ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ይሰቅላል። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው 17 ቁጥርን ይፈልግ፤ በጣም ይመሳሰላሉ። ቢጫውን ምልክት ካጣችሁ ግን ተጠንቀቁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሁሉ «ናም ፕላ» የሚባል የዓሣ ሶስ አለበት። «ማይ ሳይ ናም ፕላ» ማለት፣ ያንን አታድርጉበት ማለት፣ በመጀመሪያው ቀን ልትይዙት የሚገባ ዓረፍተ ነገር ነው። ማታ ላይ ማንጎ ከኮኮናት ወተትና ከተጣበቀ ሩዝ ጋር በላሁ። የማንጎ ወቅት ነው። እንዲህ ያለ ፆም አይከብድም።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ፦ ዋት ፖ፣ ከዚያ ባቡር

ጠዋት ዋት ፖ ገባሁ። የተጋደመው ቡድሃ ያለበት ቤተ መቅደስ ነው። ሐውልቱ 46 ሜትር ይረዝማል። እግሩ ጫማ ላይ 108 ምልክቶች በዛጎል ተለብጠው ተሠርተዋል። በግድግዳው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሰው በየተራ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል። የሳንቲሙ ድምፅ አዳራሹን ይሞላዋል።

የመጣሁት ግን ለሶንግክራን አፈ ታሪክ ነው። ታሪኩ በዚህ ቤተ መቅደስ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኔ እንዲህ ነው የሰማሁት።

የወፍ ቋንቋ የሚያውቅ ታማባን የሚባል ብልህ ልጅ ነበር። ካቢላ ፕሮም የተባለው አምላክ ስለ ብልህነቱ ሰምቶ ከሰማይ ወረደና እንቆቅልሽ ጠየቀው። የሰው ልጅ ግርማ ጠዋት የት ነው? ቀትርስ? ማታስ? ሰባት ቀን ሰጠው። ካልመለስክ አንገትህን፣ ከመለስክ አንገቴን አለው። ልጁ አሰበ፣ አሰበ፣ ጠፋበት። ስድስተኛው ቀን ላይ ተስፋ ቆርጦ ከዘንባባ ሥር ጋደም አለ። ከላይ ሁለት ንስሮች ያወራሉ። ሴቷ «ነገ ምን እንበላለን?» አለች። ወንዱ «የዚያን ልጅ ሥጋ፤ እንቆቅልሹን አልፈታውምና» አላት። «መልሱ ምንድን ነው?» ስትለው ነገራት። ጠዋት ግርማ ፊት ላይ ነው፣ ሰው ተነስቶ ፊቱን ይታጠባልና። ቀትር ደረት ላይ ነው፣ በሙቀቱ ደረቱን ሽቶ ይረጫልና። ማታ እግር ላይ ነው፣ ከመተኛቱ በፊት እግሩን ይታጠባልና።

ልጁ ሰምቶ ዳነ። አምላኩ ቃሉን ጠበቀና አንገቱን ሰጠ። ግን ጭንቅላቱ መሬት ቢነካ ዓለም ይቃጠላል፤ አየር ላይ ቢወረወር ዝናብ ይጠፋል፤ ባሕር ቢገባ ባሕሩ ይደርቃል። ስለዚህ ሰባት ሴት ልጆቹ በሳህን ተቀብለው በዋሻ አስቀመጡት። በየዓመቱ በሶንግክራን ቀን አንዷ ይዛው ትዞራለች። ተራው በሳምንቱ ቀን ይወሰናል። ዘንድሮ በዓሉ ቅዳሜ ስለዋለ ተረኛዋ ማሆቶን ናት፤ ፒኮክ ላይ ተቀምጣ የምትሳለው።

እኔን የገረመኝ ከመልሶቹ ሁሉ መታጠብና መርጨት አለመጥፋቱ ነው። ውሃው መንገድ ላይ ከመፍሰሱ በፊት በየሰዉ ፊትና እግር ላይ ነበር።

አመሻሽ ላይ ክሩንግ ቴፕ አፒዋት ወደሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። መስቀል ሲደርስ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ ወደ አገሩ ሲጎርፍ ያየ ሰው ይህን ጣቢያ ወዲያው ያውቀዋል። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ካርቶኑ፣ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ፣ አዲሱ ማራገቢያ ሁሉ አለ። ፋብሪካ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ የሰው ቤት የምታገለግለው፣ ሁሉም ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። የዚህ ሰሞን ቲኬት ከሳምንታት በፊት ያልቃል። እኔ የላይኛውን አልጋ በጊዜ ይዤ ነበር። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ሠራተኛው እየዞረ ወንበሩን አልጋ ያደርጋል፣ ነጭ አንሶላ ያነጥፋል፣ መጋረጃ ይስባል። ማቀዝቀዣው ኃይለኛ ነው፤ ጋቢ የምትይዙ ከሆነ ያዙ።

ሚያዝያ 4፣ ዓርብ፦ ቺያንግ ማይ

ከባንኮክ ቺያንግ ማይ በሐዲድ 751 ኪሎ ሜትር ነው። ማለዳ ላይ ባቡሩ ተራራ ይወጣል። ዶይ ኩን ታን ላይ 1,352 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተቆፈረ ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ይህ የላና መንግሥት የነበረበት ሰሜን ነው። ቺያንግ ማይን ንጉሥ ሜንግራይ በፈረንጆቹ 1296 ቆረቆሯት። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ሆኖ ዙሪያውን በውሃ ቦይ ታጥሯል። በበዓሉ ሁሉም ባልዲውን የሚሞላው ከዚህ ቦይ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በዚህ ወቅት የሰሜን ታይላንድ አየር መጥፎ ነው። ደኑና እርሻው ይቃጠላል፤ ጭሱ ሸለቆው ውስጥ ይታፈናል። ተራራው በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት።

ማረፊያዬ በውሃው ቦይ ውስጥ በኩል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቷ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰዉ ሁሉ «ፓ» ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። እኔም ፓ አልኳቸው። እንግሊዝኛ የምታወራው ልጃቸው ናት። ወንበር ሰጥተውኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ «እናትሽ አለች?» ብለው ነው። አለች ስላቸው «በአዲስ ዓመት ለምን ጥለሻት መጣሽ?» አሉኝ። የእኛ አዲስ ዓመት መስከረም ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፤ «እንግዲያው ለሁለቱም ትደርሻለሽ» አሉ።

ማታ ላይ ደግሞ ልጅቷ ስለ ሰዓት አስተማረችኝ። ታይላንዶች በወሬያቸው የማታውን ሰዓት ከአንድ ነው የሚጀምሩት። ፈረንጅ ሰባት የሚለው እነሱ ዘንድ አንድ ነው፣ ስምንት የሚለው ሁለት። ልክ እንደ እኛ። ፓ እራት በሁለት ሰዓት ነው ሲሉ ምንም ሳልቀንስ ሳልደምር ገባኝ።

ከሰዓት ገበያ ወጣን። ዋሮሮት ይባላል፤ ከፒንግ ወንዝ ዳር ነው። ሰው የሚገዛው የበዓል ዕቃ ነው፤ የጃስሚን አበባ፣ የሽቶ ውሃ፣ የብር ጎድጓዳ ሳህን፣ ባለቀለም የወረቀት ባንዲራ። ፓ የገዙት አንድ ጥቅል ደረቅ ቡናማ ፍሬ ግራር ይመስላል። «ሶም ፖይ» ነው። በእርግጥም የግራር ዘመድ ነው። ያለ እሱ የሰሜን ሶንግክራን አይሆንም አሉኝ። ምክንያቱን ሰኞ አየሁት።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ፦ አሮጌው ዓመት ሲሸኝ

ገና ሳይነጋ ርችት ቀሰቀሰኝ። በላና ይህ ቀን አሮጌው ዓመት የሚሸኝበት ነው፤ በድምፅ ያባርሩታል። ስወርድ ፓ ግቢውን እየጠረጉ ነው። ቤቱ ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ጠጉር ይታጠባል። ያደፈ ነገር ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም።

ከረፋዱ ጀምሮ ግን ከተማው ሌላ ሆነ። ታ ፔ በር ላይ ስደርስ ከራስ እስከ እግሬ ርሻለሁ። በቦይው ዳርና ዳር ሰው ተደርድሯል። ባልዲ በገመድ ታስሮ ይወርዳል፣ ሞልቶ ይወጣል፣ በሚያልፈው ላይ ይደፋል። ፒክ አፕ መኪኖች በርሜል ጭነው በቀስታ ይሄዳሉ። በርሜሉ ውስጥ ትልልቅ በረዶ ይንሳፈፋል። የበረዶውን ውሃ የጠጣ ጀርባ ይጮኻል! ሙቀቱ ግን 40 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣው እፎይታ ነው።

ሕጉን ማንም ሳይነግረኝ በማየት ያዝኩት። መነኩሴ ላይ ውሃ አይረጭም። በጣም ያረጀ ሰውና ጨቅላ ሕፃንም ይታለፋል። አንዲት ትንሽ ልጅ በትንሽ ኩባያ ቀስ አድርጋ ትከሻዬ ላይ አፈሰሰች፣ «ሳዋዲ ፒ ማይ» አለችኝ፣ ሁለት እጇን ገጥማ ጎንበስ አለች። የመርካቶዋ እናት የነገሩኝ ይህንን ነው። አንዳንዱ ነጭ ጭቃ በሳህን ይዞ ጉንጭ ይቀባል። ሲቀባ ፈቃድ ጠይቆ በቀስታ ነው።

ጥንቃቄም አለው። የቦዩ ውሃ ንጹሕ አይደለም፤ አፍ መዝጋት፣ ዓይንን ማታ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ሞተር ሳይክል አትከራዩ። በዚህ ሰሞን በመላ አገሪቱ መንገድ ላይ የሚሞተው ሰው በአብዛኛው ከ200 በላይ ነው፤ ብዙው በሞተር፣ ብዙው በመጠጥ። መንግሥት ራሱ «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» ይላቸዋል። በየዓመቱ ከእናቱ ቤት ሲመለስ የሚቀር ሰው መኖሩ በጣም ያሳዝናል።

ከቀትር በኋላ ዋናው ሰልፍ መጣ። ፕራ ሲንግ ተብሎ የሚጠራው የቡድሃ ምስል ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ በአበባ ባሸበረቀ ሰረገላ ከተማውን ይዞራል። የናዋራትን ድልድይ ተሻግሮ በታ ፔ መንገድ አለፈ። ከአንድ ደቂቃ በፊት በጠመንጃ ሲጫወት የነበረው ጎረምሳ ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ከእናቱ እጅ የሽቶ ውሃ የያዘ ኩባያ ተቀበለና በሁለት እጁ ወደ ምስሉ ረጨ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ሰረገላው ካለፈ በኋላ ጠመንጃውን አነሳ።

ለእኔ ሶንግክራን ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ቱሪስቱ የሚያየውና ፎቶ የሚያነሳው የመንገዱ ውሃ የበዓሉ ትርፍ ነው። ዋናው ቀስ ብሎ በአክብሮት የሚፈሰው ውሃ ነው። ከቡድሃ ምስል ላይ ይጀምራል፣ ወደ ወላጅ እጅ ይሄዳል፣ ሞልቶ ሲፈስ መንገድ ላይ ይወጣል። ዩኔስኮ ባለፈው ኅዳር ሶንግክራንን የመዘገበው እኛ በራሳችን አቆጣጠር በ2012 ጥምቀትን ባስመዘገብንበት መዝገብ ላይ ነው። ለጠመንጃው ብቻ የሚመጣ ሰው ግማሹን እንኳ ሳያይ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ፦ አሸዋ

ይህ ቀን በሁለቱ ዓመታት መሃል ያለ ቀን ነው። ዛሬ ክፉ ቃል የተናገረ ዓመቱን ሙሉ ክፉ ያገኘዋል ይባላል። ስለዚህ በፓ ቤት ሁሉም ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው። ወጥ ቤቱ ግን ሥራ በዝቶበታል። ለነገ የሚሆን ምግብ ይሠራል። ለእኔ ለብቻ ያለ ዓሣ ሶስ የተሠራ ምስር የመሰለ ወጥ ተቀምጦልኛል። ልጅቷ «እናቴ ስለ ፆምሽ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አሸዋ ይዘን ቤተ መቅደስ ሄድን። ሰው ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መቅደሱ ሲወጣ በእግሩ አሸዋና አፈር ይዞ ይሄዳል። የተቀደሰ ቦታ አፈር መውሰድ ዕዳ ነው። በሶንግክራን ይመለሳል። ግቢው ውስጥ በቀርከሃ የታጠረ የአሸዋ ክምር አለ፤ እንደ ጉልላት ያሾለ ነው። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ይጨምርበታል። አናቱና ጎኑ ላይ «ቱንግ» የሚባል ረጅም የወረቀት ባንዲራ ይሰካል። ቱንጉ ላይ አሥራ ሁለቱ የዓመት እንስሳት ታትመዋል። ሁሉም የተወለደበትን ዓመት እንስሳ ይፈልጋል። ነፋስ ሲመጣ መቶው ባንዲራ አንድ ላይ ይንኮሻኮሻል።

እኔም ጫማዬን አውልቄ የድርሻዬን አፈሰስኩ። ዋት ቼዲ ሉዋንግ ደግሞ ከዚያ ሩቅ አይደለምና ገባሁ። በፈረንጆቹ 1545 በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ አናቱ የፈረሰ ግዙፍ የጡብ ሕንፃ ነው። ዛሬ ባንኮክ ያለው ታዋቂው አረንጓዴ ቡድሃ በአንድ ወቅት እዚህ ነበር። ስመለስ ደግሞ ያው ባልዲ ተቀበለኝ። ደረቅ ልብስ በዚህ ሰሞን የለም።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ፦ ምርቃት

የዓመቱ ታላቅ ቀን ይህ ነው። ፓ ነጭ ሸሚዝ አውሰውኝ «ዛሬ እናቴ ዘንድ ነው የምንሄደው፣ አንቺም ትሄጃለሽ» አሉኝ። እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም።

ከመውጣታችን በፊት ውሃውን አዘጋጁ። ዓርብ የገዙትን ሶም ፖይ ከሰል ላይ አድርገው ጠበስ ጠበስ አደረጉት። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጭሳማ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ከዚያ ሰባብረው በብር ሳህን ውሃ ውስጥ ነከሩት። ውሃው ቀስ እያለ ወርቅማ ሆነ። በላዩ ቀይ ብጫ የደረቁ የአበባ ቅጠሎች በተኑ። አበባውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አየሁት። ለሱፍ ፍትፍት ፍሬውን የምንወቅጠው ተክል አበባ ነው! እኛ ፍሬውን፣ እነሱ አበባውን። በመጨረሻ የጃስሚን አበባና ጥቂት የሽቶ ውሃ ተጨመረ።

እናታቸው ከሰማንያ አልፈዋል። በሰሜን አያትን «ሜ ኡይ» ይላሉ። የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ አስረው፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ነጠላ የመሰለ ጨርቅ ጣል አድርገው ይጠብቁናል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ምራት፣ ጎረቤት ሁሉ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው ቢኖር አንድም ከእሳቸው ራስ በላይ ከፍ ያለ የለም።

ፓ በጉልበታቸው ሄደው ሳህኑን አቀረቡ። በበኩሌ ስድሳ ያለፋቸው ሴት እናታቸው ፊት እንደ ልጅ ሲሆኑ ማየት ልቤን ነካው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቁ። በዓመቱ ውስጥ በቃል፣ በሥራ፣ በሐሳብም ቢሆን የበደሉትን ማለት ነው። አዲስ ልብስ፣ ፍራፍሬና ሻማ ሰጡ። ከዚያ በትንሽ ኩባያ ከወርቃማው ውሃ ቀድተው በእናታቸው መዳፍ ላይ አፈሰሱ። ሜ ኡይ እጃቸውን ነክረው መጀመሪያ የራሳቸውን ጠጉር አበሱ። ቀጥለው ውሃውን በጣታቸው ሁላችን ላይ ረጩና መመረቅ ጀመሩ።

ምርቃት የሚያውቅ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም። ድምፁ ዜማ አለው። ዕድሜ፣ የፊት ወዝ፣ ደስታ፣ ጉልበት ይሁንላችሁ ነው ዋናው፤ በመሃሉ ደግሞ የእያንዳንዱን ስም ይጠራሉ። አንዱ ፈተና አለበት፣ አንዷ ልትወልድ ነው፣ አንዱ መኪና ገዝቷል። ሁሉም ተነገረለት። ሲጨርሱ ሁሉም በአንድ ላይ «ሳቱ» አለ። እኔ ሳላስበው «አሜን» አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ውሃውን አፈሰስኩ። እጃቸው ቀላል ነው፣ ቆዳው ቀጭን፣ በደም ሥር የተሞላ። ሜ ኡይ ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። «የእናትሽን ስም ንገሪያት» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሁለቴ ሞክረው ሦስተኛው ላይ በትክክል ጠሩት። ከዚያ ለእናቴ መረቁላት። በአካል አይተዋት ለማያውቋት፣ አገሯንም በካርታ ለማያውቁት ሴት፣ ዕድሜና ጤና ለመኑላት። በመጨረሻ ነጭ ክር እጄ ላይ አሰሩልኝ።

ስወጣ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። አዲስ አበባ ገና ማለዳ ነበር። እናቴ «ማን ናቸው ያሉት ስሜን?» አለች። ስነግራት ዝም አለችና «አሜን፣ እሳቸውንም ዕድሜ ይስጣቸው፣ ልጆቻቸውን ይባርክላቸው» ብላ መመረቅ ጀመረች። ተመልሼ ገብቼ ለልጅቷ ነገርኳት፣ እሷም ለአያቷ። ሜ ኡይ ሳቁ፤ ሁለት እጃቸውንም ገጥመው ተቀበሉ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ልማድ አየሁ። ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ቡድሂስቶች እንደ ቅዱስ የሚያዩት ትልቅ የቦዲ ዛፍ አለ። ሰዎች ቀለም የተቀባ፣ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ እንጨት እየያዙ መጥተው ከሚያጎነብሰው ቅርንጫፍ ሥር ይደግፉታል። የቤተሰቡ ስም ተጽፎበታል። የባለፈው ዓመት ድጋፎች ዝናብ አጥቁሯቸው አጠገቡ ቆመዋል። ለሃይማኖቱም፣ ለሽማግሌውም፣ ለዛፉም ድጋፍ መሆን ነው አሉኝ።

መንገዱ ላይ አሁንም ውሃ አለ። የመጨረሻ ቀን ስለሆነ እንዲያውም በርትቷል። እኔ ግን ቀደም ብዬ ገባሁ።

ሚያዝያ 8፣ ማክሰኞ፦ የዓመቱ አፍ

ይህ በላና የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጠዋት በየቤቱ የጃክፍሩት ወጥ ይበላል፤ ዓመቱን ሙሉ ደጋፊ ሰው አይጠፋም ይላሉ። ጃክፍሩቱ ሳይበስል ተቆርጦ ሲቀቀል እንደ ሥጋ ይበጣጠሳል። ፓ የእኔን ለብቻ ሠሩት። እጅግ ይጣፍጣል።

በቀይ የጋራ መኪና ዶይ ሱቴፕ ወደሚባለው የተራራ ቤተ መቅደስ ወጣሁ። ከ300 በላይ ደረጃ አለው፤ ግራና ቀኝ የእባብ ሐውልት ከላይ እስከ ታች ወርዷል። ከላይ ከተማውን አያለሁ ብዬ ነበር፤ ጭሱ ሸፍኖታል። ወርቃማውን ጉልላት ዞሬ ወረድኩ።

ከተማው ተጠርጓል። ቦዩ ዳር የተሰበረ ባልዲና የጠመንጃ ቁራጭ ይለቀማል። ሱቆች መከፈት ጀምረዋል። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ውሃው በየቦታው በአንድ ቀን አያልቅም። ባንግ ሳንና ፓታያ ከዋናው በዓል በኋላ ባሉት ቀናት ያከብራሉ። ከባንኮክ ወጣ ብሎ ፕራ ፕራዴንግ ያሉት የሞን ብሔረሰብ ሰዎች ደግሞ ሳምንት ያህል ቆይተው የራሳቸውን ሰልፍ ያደርጋሉ።

እኔ የባቡሩን መመለሻ ትቼ የነገ ጠዋቱን የሱኮታይ አውቶብስ ቆርጫለሁ። አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ፓ ለመንገድ ማንጎና በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የተጣበቀ ሩዝ አሰሩልኝ። ጄ መሆኑን ሦስቴ አረጋግጠውልኛል።